በሴቶቹ በር የቆመችው

ኦዜላ ቴት በሕይወቷ የምትቀናበት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም የገዛ እህቷ ቨርዲ ናት። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በጸሎት ሰዓት እንኳ የዘመድ ወዳጁን ስም ሁሉ ጮክ ብላ ጠርታ ቨርዲ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እግዚአብሔር የማይሰማት ይመስል።

ነገሩ የቆየ ነው። ልሙኤል ቴት ካሜራውን በበቅሎ ጋሪ ጭኖ ኬይንስ ፌሪ የምትባለው የአላባማ መንደር የገባ ሰሞን፣ ሁለት እሑድ ተከታትሎ ከገለዓድ ቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው ያደረሰው ቨርዲን ነበር። ኦዜላን አይደለም። ቨርዲ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ያንን ሰፊ ባርኔጣዋን ንፋስ እንዳይወስድባት በግራ እጇ ይዛ ትስቃለች፤ ኦዜላ ከመስኮት ታያለች። ቨርዲ ግራኝ ናት፤ እናታቸው እጇን በጨርቅ አስራ፣ አስተማሪዋም በማስመሪያ ቢገርፋት ግራኝነቷ አልተዋትም። በገለዓድ ሕዝብ ሁሉ ከእሷ ሌላ ግራኝ አልነበረም። በኋላ ቨርዲ የባቡር አስተናጋጅ አግብታ ቺካጎ ገባች። ልሙኤልም ሦስት ዓመት ከርሞ ኦዜላን አገባ። ያን ጊዜ አንዷ ጎረቤት፣ ኮኩን ሊለቅም መጥቶ ቅጠሉን ይዞ ሄደ ብላ ሳቀች አሉ። ሰው ምን የማይለው አለ! ሌላዋ ብትሆን ሰምታ ትረሳዋለች። ኦዜላ ግን ይችን ቃል ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ አሳደረቻት።

ትዳራቸው እኮ መጥፎ አልነበረም። ልሙኤል ፎቶ ያነሣል፣ ኦዜላ ታጥባለች፣ ትጠግናለች። ከመንደሩ ፀጉር ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር፣ እንደ አትሮንስ ዘመም ያለች ጠረጴዛ አለቻት። የመስታወቱን ነጋቲቭ እዚያ ላይ ታስደግፍና ብርሃን ከኋላው እያበራ በቀጭን እርሳስና በትንሽዬ ምላጭ ትሠራበታለች። የዲያቆን ኪንታሮት ታነሣለች፣ የሙሽራ ብጉር ትደመስሳለች፣ ያንቀላፋ ሕፃን ዓይን ትከፍታለች። ነጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። ምላጩ የሚሠራው ደግሞ ምስሉን የያዘው ቅብ ባለበት ገጽ ስለሆነ ግራና ቀኙም ይቀያየራል፤ የቀለበት እጅ ቀኝ ሆኖ ይታያል። ኦዜላ ግን ይህ ግራ አጋብቷት አያውቅም። በተገለበጠ ዓለም ሃያ ሦስት ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ እያየች በልቧ ትመልሰዋለች።

ልሙኤል ግን እንጀራው ከሰው ፊት ቢሆንም ልቡ ያለው ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ማለቴ ጸሎቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ላይ። በአላባማ ገጠር በየጥድ ጫካው ውስጥ አያቶቻችን ከባርነት ነፃ በወጡ ማግስት በገዛ መጋዛቸው ሰንጥቀው፣ በገዛ መዶሻቸው የሠሯቸውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖች እየዞረ ያነሣል። አንዱ ማማው አጭር ሌላው ረጅም የሆኑትን፣ በነጭ ኖራ የተቀቡትን፣ መስኮታቸው ጫፉ የሾለውን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥቶ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ማን ይከፍልሃል ሲባል፣ የሚከፍሉት ሰዎች ሞተዋል ይላል። ደግሞ እውነቱን ነው፤ ካነሣቸው ውስጥ ግማሾቹ ዛሬ የሉም። አንዳንዱን ምስጥ በላው፣ አንዳንዱን ጎርፍ ወሰደው፣ አንዳንዱን እሳት።

አሮጌውን ገለዓድ የወሰደው መብረቅ ነው። ሁለት በር ነበረው፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ ላየው ወንዱ በቀኙ፣ ሴቷ በግራው ትገባለች። ባልና ሚስት እየተጫወቱ መጥተው ደረጃው ሥር ይለያያሉ። አዲስ የተጠመቀ ሰው ሲኖር ደግሞ ወንድ ከሆነ በወንዶቹ፣ ሴት ከሆነች በሴቶቹ በር አፍ ላይ ይቆማል፤ ሕዝቡ ሲወጣ አንድ በአንድ ቀኝ እጁን ይሰጠዋል። የኅብረት ቀኝ እጅ ይሉታል። አዲሱ ገለዓድ በሸክላ ሲሠራ አንድ ሰፊ በር ብቻ ተደረገለት፤ ሰላምታውም ወደ መድረኩ ሥር ገባ። የዛሬ ልጆች ሁለቱን በሮች በወሬ ካልሆነ አያውቋቸውም።

የአሮጌው ገለዓድ ፎቶ በምድር ላይ አንድ ብቻ ነበር። ልሙኤል ዘንድ፣ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልሎ። ሌሎቹን ነጋቲቮች ኦዜላ እንደፈለገች ታገላብጣቸዋለች፤ ይሄኛውን ግን፣ ይሄ አይነካም ብሏታል በተጋቡ ሰሞን። ለምን ብትለው አንገቱን ሰበረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትል ነበር እናቷ፤ ኦዜላም ከዚያች ቀን ጀምሮ ስትጠረጥር ኖረች። አንድ ሁለቴ ሣጥኑን ከፍቶ መስታወቱን ወደ መስኮት አንሥቶ ሲያይ ደርሳበታለች። ፈገግ ብሎ ነበር። ሰው በሕንፃ ፈገግ ይላል?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በአራተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ ከቨርዲ ደብዳቤ መጣ። ባሏ በብርዱ ወራት ሞቷል፤ ቺካጎ ብርድ ብቻ ሆነባት፤ ነሐሴ ላይ ለአገር ልጆች መመለሻ በዓል ስትመጣ ጠቅልላ ነው የምትመጣው። እናንተ ዘንድ ያለችው የኋላ ክፍል ለጊዜው ትበቃኛለች ትላለች። ልሙኤል ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ማንበብ ካቃተው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ያነበበችለት ኦዜላ ነች። "ጌታ ይመስገን፣ ቤቱ ይሞቃል" አለ። ኦዜላ ደብዳቤውን አጣጠፈችውና አጣጠፈችው፤ ክብሪት እስኪያህል።

በዚያው ወር ፓስተር ግሪየር መጡ። ገለዓድ በነሐሴው በዓል ሰማንያ ዓመት ይሞላዋል፤ የቀብር አስፈጻሚው አቶ ብራውንሊ አራት መቶ የካርቶን ማራገቢያ ሊያሳትም ቃል ገብቷል፤ በጀርባው የእሱ ማስታወቂያ፣ በፊቱ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፎቶ። ወንድም ልሙኤል እንደው ይኖርህ ይሆን አሉት። ልሙኤል ተነሥቶ እየዳበሰ ሣጥኑን አመጣና ፍላኔሉን ራሱ ፈትቶ መስታወቱን በሚስቱ እጅ አኖረው።

"ቀኑ ደረሰ" አላት። "እጠቢው። ምንም የሚጠገን የለውም። ግን በደንብ አድርገሽ እዪው።"

ፓስተሩ ሲሄዱ ኦዜላ መስታወቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስደገፈችው። ሰዓቱ ረፋድ ነበር፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ረጅሙና አጭሩ ማማ ጎን ቀይረው ቆመዋል፤ እሷ በልቧ መለሰቻቸው። ሁለቱ በሮች አሉ። ደረጃው ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል፤ ያን ጊዜ ልሙኤል ሌንሱን ከፍቶ እስከ ሃያ ይቆጥር ስለነበር የተንቀሳቀሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ጉም ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው ብቻ ጉም አልሆነም። በሴቶቹ በር አፍ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ሳትንቀሳቀስ። ፊቷ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም፤ እሱንም የባርኔጣዋ ክፈፍ ጋርዶታል።

ባርኔጣውን ግን ኦዜላ ታውቀዋለች። ቀሚሱንም፤ ያ ሰፊ ክብ አንገትጌ፣ ያ ወገቡ ላይ በጎን የታሰረ ትልቅ ቋጠሮ። ቨርዲ የጥጥ ለቀማ ደመወዟን አጠራቅማ የገዛችው፣ አገር ያወራለት ቢጫ ቀሚስ። እንደዚያም ሆኖ ልቧ ማመን እንቢ ብሎ ማጉያ መነጽሯን አነሣች። ሴትዮዋ አንድ እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች፤ ጣቶቿ ብቻ ደብዝዘዋል። እያውለበለበች ነው። ለማን? ለካሜራው ነዋ! ካሜራው ጀርባ ላለው ነዋ! የዘረጋችውም ግራ እጇን ነው።

ቆሽቷ አረረ። ሃያ ስድስት ዓመት በፍላኔል ተጠቅልላ የኖረችው ለካ እህቷ ናት። እሷ የሰው ኪንታሮት ስትፍቅ፣ እሱ በሣጥን ቨርዲን ይዞ ይኖራል። አሁን ደግሞ ባሏ ሞተና ልትመጣ ስትል፣ ቀኑ ደረሰ! አራት መቶ ማራገቢያ ላይ! ገለዓድ ሁሉ በየእሑዱ ቨርዲን ጨብጦ ሊያራግብ፣ እሷም እህቷ ፊቷ ላይ እየተውለበለበች መዝሙር ልትዘምር!

ልሙኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ እየጠበቀ እንደሆነ አላወቀችም።

"አየሽው?" አላት።

"አየሁት።"

"እና?"

"ጥሩ ነው" አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠባት። ልሙኤል የሰማው የተቆራረጠውን ድምፅ ብቻ ነው። ደስ ብሎት ለብቻው እየሳቀ ወደ ፀጉር ቤቱ ወጣ።

ምላጩን አነሣች። ሥራው ቀላል ነበር፤ እንዲያውም ከኪንታሮት ይቀላል። ነጋቲቭ ላይ ቢጫው ቀሚስ ጥቁር ነው፣ የበሩ ጨለማ ደግሞ ንጹሕ መስታወት። ጥቁሩን ስትፍቀው ከጨለማው ጋር አንድ ይሆናል። መጀመሪያ ባርኔጣውን፣ ቀጥሎ አንገትጌውን፣ ቀጥሎ ቋጠሮውን፣ መጨረሻ ላይ የተዘረጋውን እጅ ፋቀችው። አቧራውን እፍ አለችው። ምሳ ሳይደርስ በሩ ባዶ ሆነ። በማግስቱ አጥባ ፎቶውን በፖስታ ለማተሚያ ቤቱ ላከችው፤ መስታወቱንም በፍላኔሉ ጠቅልላ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። የማያይ ሰው ምን ያውቃል?

ቨርዲ በነሐሴ መጀመሪያ ሐሙስ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ወረደች፤ ሁለት ሻንጣ፣ ጥቁር ቀሚስ። ወፍራለች፣ ሸብታለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ኦዜላ አቅፋ ሳመቻት፤ ምን ታድርግ! ምሳ ላይ ቨርዲ ስለ ቺካጎ ስታወራ ልሙኤል ሹካውን እስኪጥል ሳቀ። ኦዜላ ባሏን በዚያ ሁኔታ ያሳቀችው መቼ እንደነበር ብታስብ አጣችው። በማግስቱ ቨርዲ ጋዜጣ ታነብለት ጀመር። እስከዚያ ድረስ የምታነብለት ኦዜላ ነበረች፤ ቅር ብሎኛል ብሎ አያውቅም፤ አሁን ግን እንደ ቨርዲ የለቅሶ ማስታወቂያና የቤዝቦል ወሬን በድምፅ ለይቶ የሚያነብ የለም አለ። ይህም አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ኦዜላ የጋገረችውን የስኳር ድንች ፓይ ይዛ ወደ በረንዳው ስትወጣ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲንሾካሾኩ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ቀና አሉ። ቨርዲ በመዳፏ አፏን ሸፈነች፣ እንደ ልጅ።

"ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?" አለች።

"ነገ ታውቂዋለሽ" አላት ልሙኤል።

ኦዜላ ፓይውን አስቀምጣ ገባች። ሆዷ ግን ደስ አለው፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለው። ነገ የሚታወቀውንማ እኔ አውቀዋለሁ አለች በልቧ። ባዶ በር ነው የምትጨብጡት።

የእሑዱ ዕለት ገለዓድ ጢም አለ። ከዲትሮይት፣ ከክሊቭላንድ፣ ከሞቢል የመጣ ዘር ሁሉ፤ ከዛፎቹ ሥር በረጅም ጠረጴዛ የተጠበሰ ዶሮና የባቄላ ድስት ተደርድሯል። ሙቀቱ የጉድ ነው። በር ላይ ዲያቆናቱ ለእያንዳንዱ ሰው ማራገቢያ ያድላሉ። ሰው ሁሉ ፎቶውን አይቶ አሮጌው ገለዓድ እያለ ይነካካዋል፤ እማማ ፒንክኒ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ እናት የሚባሉት፣ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ ማራገቢያውን ሳሙት። ኦዜላ በባሏና በእህቷ መካከል ተቀመጠች፤ ሆን ብላ።

ቨርዲ ማራገቢያዋን አየችው። ቀረብ አደረገችው፤ መነጽሯን አውጥታ እንደገና አየችው። ከዚያ ወደ ኦዜላ ጆሮ ተጠግታ፣ ሌላ ፎቶ ነው እንዴ የሰጣችሁት አለቻት። ኦዜላ አይደለም አለች። ቨርዲ ግራ ገባት፤ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ግን ፓስተሩ ወንድም ልሙኤል ቴት ጥቂት ቃል አለው ብለው ጠሩት።

ልሙኤል የወንበሩን ጀርባ እየዳበሰ ወጣ። ሕዝብ ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ማራገቢያውን በእጁ ይዟል፤ ለእሱ ነጭ ካርቶን ብቻ ነው።

"ኃጢአቴን ልናገር ነው የወጣሁት" አለ። ሕዝቡ ሳቀ። "ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል ፎቶ ከሰረቅኩ። እዚህ አገር እንግዳ ነበርኩ። ከመንገዱ ማዶ ከዛፉ ሥር ካሜራዬን ተክዬ ሕንፃውን ላነሣ ነበር፤ ጥምቀት መኖሩን አላወቅኩም። ሌንሱን ስከፍት ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። ተበላሸ ብዬ ተናደድኩ። ቤቴ ሄጄ ሳጥበው ያ ሁሉ ሕዝብ ጉም ሆኗል። በሴቶቹ በር ላይ ግን አንዲት ልጅ ቆማለች።"

"አሜን" አለ አንድ ሽማግሌ።

"እሷ አላየችኝም። ዓይኗን ደፍታለች። የዘረጋችው ቀኝ እጇን ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ቀኝ እጁን እየሰጣት ያልፋል፤ ከእነሱ አንዱም አልተያዘልኝም፣ እሷ ብቻ። አባቷን ሳላስፈቅድ መልኳን ወስጃለሁና አፈርኩ። ለእሷ መንገር አቃተኝ። መስታወቱን ሳሳያት ባርኔጣና ቀሚሱን ያወቀችው እህቷ ነበረች፤ ሁለት እሑድ በጋሪዬ ጭኜ ስለዚያች ልጅ ብቻ ስጠይቃት ጆሮዬን አደነቆርከው ብላኛለች። ልጅቱን በሦስተኛው ዓመት አገባኋት። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልነግራት ዓይኔ ጠፋ። በሰኔ መስታወቱን ሰጠኋትና ራሷን አየች፤ እንባ ተናንቋት ጥሩ ነው አለችኝ። እኔ ላያት አልችልም። እናንተ እዩልኝ። ማራገቢያችሁን አንሡ፤ በግራው በር፣ በሴቶቹ በር የቆመችው ሚስቴ ናት።"

አራት መቶ ማራገቢያ ቆመ። ሰው ሁሉ አየ። አንዳንዱ ወደ ብርሃን አዞረው፣ አንዳንዱ የጎረቤቱን አየ፤ አንዲት ሕፃን ገልብጣ የአቶ ብራውንሊን ማስታወቂያ አየች። በሩ ጨለማ ነው። ደረጃው ላይ ጉም አለ። ሌላ የለም።

ኦዜላ ወንዙ ትዝ አላት። ውሃ ስለምትፈራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው የተጠመቀችው፤ ትዝ የሚላት ፍርሃቱ ብቻ ነበር። አሁን ግን የተቀረው መጣ። የደረቅ ልብሷ ጥቅል ከዳርቻው ተንሸራቶ ሲሄድ። ቨርዲ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቢጫ ቀሚሷን አውልቃ በግድ ስታለብሳት፣ ርጥብ ፀጉርሽን ሸፍኚው ብላ ባርኔጣውን ስትደፋላት። ባርኔጣው ሰፍቷት እንዳይወድቅ አንገቷን ሳታነቃንቅ በር ላይ ስትቆም። ከዚያ እጅ፣ እጅ፣ እጅ። መቶ ሰው ቀኝ እጁን ሰጥቷታል።

ቀኝ እጅ! መስታወቱን ያየችው በቅቡ በኩል ነው። ማማውን መልሳዋለች፣ በሩን መልሳዋለች። እጁን ብቻ አልመለሰችውም። ሃያ ሦስት ዓመት ስታደርገው የኖረችውን ነገር፣ አንዲት ቀን፣ አንዲት እጅ ላይ ስትደርስ ቅናት አስረሳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መልክም እንዲሁ ነው ለካ።

አንድ ዲያቆን ሊናገር ብድግ አለ። እማማ ፒንክኒ በከዘራቸው ወለሉን መቱ፤ ዲያቆኑ ተቀመጠ።

"አየናት፣ ወንድም ልሙኤል" አሉ እማማ ፒንክኒ። "እኔም ያን ቀን እጄን ሰጥቻታለሁ። ቆንጆ ነበረች።"

"አሜን" አለ አንድ ሰው። ከዚያ ሌላው። አሜኑ ከወንበር ወደ ወንበር ሄዶ ቤቱን ሞላው፤ ልሙኤልም ፊቱ በርቶ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። ኦዜላ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር።

ቨርዲ አሜን አላለችም። ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እህቷን አየቻት።

"ማን መሰለችሽ?" አለቻት ቀስ ብላ።

"አንቺ።"

"ያን ቀን እኮ" አለች ቨርዲ፣ "የጥምቀትሽን ልብስ፣ ያንን ርጥቡን ለብሼ አራት ማይል በእግሬ ነው ቤት የገባሁት። ሰው እንዳያየኝ በጥጡ መሐል። ምሳውንም አልበላሁም።" ፊቷን ወደ መድረኩ መለሰች።

ልሙኤል መጥቶ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። ማራገቢያውን ወደ ኦዜላ አስጠግቶ በአውራ ጣቱ ካርቶኑን ዳበሰ፤ በሩን እየፈለገ ነው።

"እጇ በደንብ ወጥቷል?" አላት።

አዎ ማለት ትችል ነበር። ገለዓድ ሁሉ ዋሽቶላታል፤ አንድ ቃል ብትጨምር ማን ያውቅባታል? ግን ያ ጣት ካርቶኑ ላይ ሲሄድና ሲመለስ አየችው፤ አልቻለችም።

"የለችም" አለችው በጆሮው። "ፍቄያታለሁ። ቨርዲ መስላኝ። ግራ እጇን የዘረጋች መስሎኝ።"

ጣቱ ቆመ። መዘምራኑ ተነሥተው አንድ መዝሙር ጀምረው ጨረሱ።

"በቅቡ በኩል ነው ያየሻት?" አለ።

"በቅቡ በኩል።"

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ባለሙያ፣ ስሕተቱ የት እንደሆነ እንደገባው ሰው። "እኔስ ዓይን ባይኖረኝም አያታለሁ" አለ። "አንቺ ነሽ ሳታያት የቀረሽው።" እጇን ግን አልያዘም። ሙቀቱ በረታ፤ ሕዝቡ እንደገና ማራገብ ጀመረ፤ ከፊትም ከኋላም ባዶው በር እየተመላለሰ ንፋሱን ፊቷ ላይ ላከባት።

ሰኞ ጠዋት ኦዜላ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ለምና ከየወንበሩ ማራገቢያዎቹን ሰበሰበች። ሁሉም አልተገኙም፤ ዲትሮይትና ክሊቭላንድ የሄዱት ሄደዋል፤ እዚያ ለዘላለም በሩ ባዶ ነው። ሁለት መቶ ያህሉን ስቱዲዮ አምጥታ ቀጭን ብሩሽና ነጭ ቀለም አወጣች። በመጀመሪያው ላይ ባርኔጣውን ሣለች፣ አንገትጌውን፣ ቋጠሮውን። እጅ ላይ ስትደርስ ብሩሹን አቁማ የራሷን ቀኝ እጅ ዘርግታ አየችውና ሣለችው። ልሙኤል ይህን እንደማያይ ታውቃለች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሙያ የላትም።

ቨርዲ ከእሑድ ጀምሮ አላናገረቻትም ነበር። በአሥር ሰዓት ገደማ መጣችና በሩን ተደግፋ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ያልተሣሉትን ማራገቢያዎች አንድ በአንድ በግራ እጇ ታቀብላት ጀመር።

ኦዜላ ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ ቀና ሳትል፣ "ያን ቀን ምን እመስል ነበር?" አለቻት።

"በእኔ ቀሚስ፣ በእኔ ባርኔጣ?" አለች ቨርዲ። "እኔን ነዋ።"

ኦዜላ ብሩሹን ውሃ ነክራ ጠረገችው። ቨርዲ ቀጣዩን አቀበለቻት።